በጥሩሐረግ መስኮት ላይ ያደረ ጤዛ

ጥሩሐረግ የተወለደችው ሰሃላ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው የድንጋይ ቤት ነው። በልጅነቷ በድንጋዩ ክፍተት ከሚሰርጉ ቀጫጭን ጨረሮች በቀር ብርሃን ወደ ቤት የሚገባው በበሩ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ቀኑም አብሮ ይዘጋል። ጭሱ በጣራው ክፍተት ይወጣል፣ ነፋሱ በድንጋዩ መሃል እንዳሻው ይመላለሳል፤ ከየት ገባ፣ በየት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ስለዚህ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ሰቆጣ ላይ ሰፊ የመስታወት መስኮት ያለው ቤት ሲኖራት፣ መስኮት የራሱ ጠባይ እንዳለው የነገራት ሰው አልነበረም።

መስኮቱን የፈለገችው እሷ ሳትሆን ልጇ ሰላማዊት ናት። ሰላማዊት ጅዳ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ክፍሏ መስኮት የላትም።

«እማዬ፣ ስነቃ ይንጋ አይንጋ ስልኬን ካላየሁ አላውቅም» ብላ ነግራት ነበር አንድ ቀን። ከዚያ በላከችው ገንዘብ ቤቱ ሲጀመር የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወደ ፀሐይ መውጫ ሰፊ መስኮት ይኑረው። አልጋሽን ከሥሩ አድርጊው። አንቺ ካየሽው እኔ እንዳየሁት እቆጥረዋለሁ።»

ቤቱ በግንቦት አለቀ። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ልስኑ ገና አዲስ። የብረት መስኮቱን የሠራው ገብረ አምላክ የሚባል በያጅ ነው፤ የከተማውን ግማሽ በርና መስኮት የበየደ ሰው ነው ይሉታል። መስኮቱ ሁለት ተከፋች ክንፍ አለው፣ ከላዩ ደግሞ ለብቻዋ የምትከፈት ጠባብ የአየር መስኮት።

ጥሩሐረግ መተዳደሪያዋ ፈትል ነው። ከዚያ በፊት በኪራይ ቤት፣ በር ላይ ተቀምጣ፣ ሰው በወጣ በገባ ቁጥር እግሯን እየሰበሰበች ትፈትል ነበር። አሁን ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እንዝርቷ ሲሾር ዓይኗ ወደ ውጭ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ ደመናው ከተራራው ወርዶ የጎረቤት ጣራ ላይ ይተኛል፤ ቀጥሎ ጣራው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፉ፣ በመጨረሻ መንገዱ። የባጃጁ ድምፅ ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል። እሷም እጇ ላይ ያለው ባዘቶ የት እንደሚያበቃ፣ ደመናው ከየት እንደሚጀምር የማታውቅበት ሰዓት ነበር። እንደዚያ ሆና ስትፈትል ቀኑ ይመሽባታል።

ኅዳር ገባ። ሰማዩ ጠራ፣ ብርዱ ጠና። አንድ ቀን ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነቃ መስኮቱ የለም። በቦታው ወተት የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ተነሥታ በጣቷ ነካችው፤ ውሃ ነው። የነካችበት ላይ አንድ ቀጭን መስመር ወረደ፤ በመስመሩ ውስጥ የጎረቤቷ አጥር ታየ። ውጭ ዝናብ የለም፤ አፈሩ ደርቆ ይታያል። ውሃው ያለው ከውስጥ ነው።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ፀሐይዋ ስትወጣ እያንዳንዱ ጠብታ በየራሱ ቀላ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ አልጋው፣ ግድግዳው፣ የእሷም እጅ፣ በማር የተነከረ መሰለ። ቁጭ ብላ እስኪደርቅ ድረስ አየችው። በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ሲደጋገም ግን ልቧ ፈራ። ሰላማዊት ከደወለች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።

ጎረቤቷ ይታየሽ፣ እኩያዋና የልብ ወዳጇ፣ መጥታ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጥሩዬ፣ ይሄ እንባ ነው።»

«አትበይኝ እባክሽ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ዝናብ የለ፣ ጣራው አያፈስ። ቤት ዝም ብሎ አያለቅስም። ጠበል እርጪበት።»

ጠበሉ ተረጨ። ጥሩሐረግ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ አባቷና እናቷ በሚናገሩት በኽምጣና ልጇን በስሟ እየጠራች ለመነች። በጭንቅ ጊዜ አማርኛው አይመጣላትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሰላማዊት ደወለች። ስልኳ ወድቆ ተሰብሮባት ነው እንጂ ምንም አልሆነችም። እንደውም አሠሪዎቿ ወደ ባሕር ዳርቻ ይዘዋት ሄደው ነበርና የባሕሩን ወሬ እየነገረቻት ሳቀች። ጥሩሐረግ ሳቋን ሰምታ አለቀሰች። በማግሥቱ ጠዋት ግን መስኮቱን እንደ ወትሮው በውሃ ተሸፍኖ አገኘችው። ልጅቱ እየሳቀች መስታወቱ ያለቅሳል። «እንግዲያስ እንባ አይደለም» አለች ለራሷ። ፍርሃቱ ወጣላት፤ ጥያቄው ግን ቀረ።

ሌላም ነገር ነበር። ስትፈትል እግሯ ሥር ያለው ሙዳይ ላይ ያስቀመጠችው ባዘቶ ማንም ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፤ ባዘቶው ግን እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ማጅራቷንም ቀጭን ብርድ ይነካታል። ነገሩን አገናኘችው፤ ይሄ ሰርጎ የሚገባው ብርድ ነው ውሃውን ይዞ የሚመጣው አለች። ይታየሽም ይህን ስትሰማ ወዲያው አመነች። ብርድን የማይፈራ ማን አለ?

ሁለቱ ሴቶች አንድ ሙሉ ቀን ሠሩ። በፍሬሙና በግድግዳው መሃል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ጎሰጎሱበት። በክንፎቹ መጋጠሚያ ላስቲክ አደረጉ። ከላይ ያለችውን ጠባብ የአየር መስኮት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ደፈኗት። በበሩ ሥር ሳይቀር አሮጌ ጋቢ ተጋደመ። ብርዱ ስለበረታ ጥሩሐረግ ምድጃዋንም ወደ ውስጥ አስገባችው፤ የታጠበ ልብሷንም ከአልጋው ራስጌ በገመድ ሰቀለች። ቤቱ ሞቀ። ባዘቶው ጸጥ አለ። ይታየሽ «አሁን ቤት ሆነ» ብላ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ይፈስ ነበር። ከመስታወቱ ወርዶ የመስኮቱን ደፍ ሞልቶ፣ ከደፉ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሙዳዩ። የሳምንት ፈትሏ ረጥቧል።

በታኅሣሥ በመስኮቱ ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ብታጥበው ተመልሶ ይመጣል። ሻጋታ ሻጋታ የሚል ጠረን ቤቱን ያዘው፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ታስላለች። ጥሩሐረግ አፍራ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደችው። ያ የማር ብርሃን ቀረ። ሰላማዊት በቪዲዮ ስትደውል «እማዬ፣ እስቲ መስኮቱን አሳዪኝ፤ ተራራውን ልየው» ትላታለች። «ኔትወርኩ ደካማ ነው ልጄ» ትላለች እናት፣ ስልኩን ወደ በሩ እያዞረች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ገና አልነጋም» አለቻት፤ በበሩ ስንጥቅ ግን የፀሐይ ጨረር ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሸት ለልጇ ዋሽታ አታውቅም።

ለጥምቀት ደግሰው የሚባለው ወንድሟ ከነሚስቱና ከነሦስት ልጆቹ ከሰሃላ መጣ። ስድስት ሆነው በአንዲት ክፍል አደሩ። ጠዋት ወንድሟ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ «እህቴ፣ ቤትሽ ምንጭ ላይ ነው እንዴ የተሠራው?» አላት። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ በሥሩ የተቀመጠውን ሳህን አጋምሶት ነበር። ልጆቹ ተሽቀዳድመው በጣታቸው ፍየል ሣሉበት፤ የአንዱ ፍየል አምስት እግር ነበረው። ጥሩሐረግ ሳቁ ውስጥ ሆና ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ትናንት እኮ ይህን ያህል አልነበረም።

እንግዶቹ ሲመለሱ አብራቸው ሄደች። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። በአባቷ ቤት ስምንት ቀን ተቀመጠች። ነፋሱ በድንጋዩ መሃል ገብቶ ይወጣል፤ ብርድ ነው፣ ግን አንድም ግድግዳ አይረጥብም፣ እሷም ስታስል አላደረችም። ጠዋት ጠዋት በድንጋዩ ክፍተት የሚገቡ ቀጫጭን የብርሃን ክሮች ቤቱን አቋርጠው ሲያልፉ፣ ተኝታ ታያቸዋለች። በክሮቹ ውስጥ የራሷ ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ይንሳፈፋል፣ ወደ ጣራው ይሄዳል፣ ይጠፋል። የት እንደሚሄድ አሰበች። በሰቆጣው ቤቷስ የት ይሄዳል?

በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ በሯን ከፈተች። ቤቱ ቀዝቅዟል። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ከታችኛው ጥግ ላይ ካለች ትንሽ እርጥበት በቀር መስታወቱ ደረቅ ነው። ተራራው ጥርት ብሎ ቆሟል። ሰው በሌለበት ውሃ የለም! ሰው ሲበዛ ውሃው በዝቶ ነበር። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋችና «ሃ…» አለችበት። ክብ ነጭ ነገር ወጣ፤ ትንንሽ ጠብታዎች ታዩበት። ያ ሁሉ የፈራችው፣ ጠበል የተረጨበት፣ ከልጇ የደበቀችው ነገር የገዛ ትንፋሿ ኖሯል። እዚያው ቆማ ብቻዋን ሳቀች፤ ደጋግማም «ሃ…» አለችበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገብረ አምላክ ሱቅ ሄደች። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነበርና ሲያያት ብድግ አለ።

«እትዬ ጥሩሐረግ፣ በደኅና ነው?»

«ገብረ አምላክ፣ ያንተ መስታወት ትንፋሼን ይሰበስባል።»

ሰውየው አያትና ፈገግ አለ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ለስምንት ቀን ትቼው ሄጄ ስመለስ ደርቆ አገኘሁት።»

«ስንቱ ሰው መስታወቱ ያፈስሳል ብሎ ሊጣላኝ ይመጣል መሰለዎት። እንደ እርስዎ ደርሶበት የመጣ አላየሁም።»

ቦርሳውን ይዞ አብሯት ሄደ። ገብቶ የተጎሰጎሰውን ጨርቅ፣ የተደፈነችውን የአየር መስኮት፣ ምድጃውን፣ የተሰቀለውን ልብስ አየ። ወቀሳ አልወጣውም። ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ክዳን አንሥቶ ገለበጠው፤ ከሥሩ ውሃ ተንጠባጠበ።

«ድስቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። የቤትዎም ነገር ይኸው ነው። ትንፋሽዎ፣ ወጡ፣ እርጥቡ ልብስ፣ ሁሉም አየሩ ውስጥ ይገባል። ልስኑም አዲስ ስለሆነ ገና ውሃውን አልጨረሰም። ሊነጋጋ ሲል ከቤቱ ሁሉ በጣም የሚቀዘቅዘው መስታወቱ ነው። እዚያ ላይ ያርፋል።»

«ነፋሱስ? ባዘቶዬን የሚያንቀሳቅሰው?»

«እሱ ሌላ ነው። ነፋሱ ውሃ አላመጣብዎትም፤ እንደውም ጥቂት ጥቂት ይዞልዎት ይወጣ ነበር። ሲደፍኑት ነው የባሰው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን መግባት አልነበረበትም። በየት እንደሚገባ እንፈልገው።»

ጥሩሐረግ ከሙዳይዋ ትንሽ ባዘቶ ነጭታ፣ እስትንፋስ የሚያክል አድርጋ አሳሳችውና በሁለት ጣቷ ይዛ በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ ብላ አዞረችው። ጨርቁን እያወጡ፣ ባዘቶውን እያስጠጉ ሄዱ። በላይኛው ጎን ጸጥ አለ። በግራ ጎን ጸጥ አለ። በቀኙ ሥር ሲደርስ ባዘቶው ተነሣና ወደ እሷ ዘንበል አለ። ገብረ አምላክ በመፍቻው ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ልስኑ ተፈረፈረ፤ ከኋላው ባዶ ነው።

«ይሄ የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ፍሬሙን ስተክል በሲሚንቶ መሙላት ነበረብኝ። ቸኩዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዛሬ ሙላው እንጂ ምን ይቅርታ አለው» አለችው።

በዚያው ሳምንት ባዶውን በሲሚንቶ ሞላ፣ በመስታወቱ ዙሪያ የተሰነጣጠቀውን ማስቲሽ ቀየረ፣ ክንፎቹ በሚገጥሙበት ቀጭን ጎማ ለጠፈ። በፍሬሙ ታችኛው ብረት ደግሞ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ውጭ እንዲወጣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በሳ። የአየር መስኮቷንም ከረጢቱን አውጥቶ ከፈታት።

ጥሩሐረግ ግራ ተጋባች። «አንዴ ትደፍናለህ፣ አንዴ ትከፍታለህ። የትኛውን ልያዝ?»

«ሁለቱንም። ሳይጠሩት የሚገባውን ይድፈኑት፤ ሲፈልጉ የሚያስገቡትን ይክፈቱት። ጠዋት ሲነሡ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ቤቱ እስኪናፈስ ይተዉት፤ ከዚያ ይዝጉ። ወጥ ሲሠሩ ይቺ የላይኛዋ ትከፈት። ድስቱን ይክደኑ፣ ልብስዎን ውጭ ያስጡ።»

እንዳላት አደረገች። ጥቁሩን ጥግ በበረኪና አጥባ አደረቀችው፤ አልተመለሰም። ሳሉም በየካቲት ተዋት። መስታወቱ ጨርሶ አልደረቀም፤ ሲነጋጋ በሥሩ እንደ ቀጭን ጥለት ጤዛ ይይዛል፣ ፀሐይ ስትነካው ይጠፋል። ያቺን ሰዓት አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቃት ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰችው፣ በሕልሟ ከእናቷ ጋር ያወራችው፣ በእንቅልፍ ልቧ ልጇን የጠራችበት ሁሉ እዚያ ላይ አርፎ፣ ቀልቶ፣ ቢጫ ሆኖ ሲሄድ ታያለች። መነሣት ያቅታታል። ከዚያ ተነሥታ ትከፍተዋለች፤ ብርዱ ፊቷን ያጥባታል።

እሑድ ቀን ሰላማዊት ስትደውል ጥሩሐረግ ስልኩን ራሷ ወደ መስኮቱ አዞረችና እውነቱን ሁሉ ነገረቻት፤ ጠበሉን፣ ብርድ ልብሱን፣ ኔትወርኩን። ሰላማዊት ሳቀች።

«እማዬ፣ እዚህ ደግሞ ከውጭ ነው የሚያልበው።»

«እንዴት ከውጭ?»

«በበጋ ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው በረዶ ያደርገዋል፤ ውጭው የባሕሩ ሙቀት ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቼ የሳሎኑን መስታወት ከውጭ እጠርገዋለሁ። ስጠርገው ውስጡ ይታየኛል፤ ልጆቹ ተኝተው፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ። ሁልጊዜ ከምን እንደሚመጣ ይገርመኝ ነበር።»

«ውሃው ሙቀቱ ባለበት በኩል ነዋ፣ የቀዘቀዘውን መስታወት ሲያገኝ የሚያርፈው» አለች ጥሩሐረግ፣ ለብዙ ዘመን እንደምታውቀው ሰው።

ስልኩ ላይ ተራራው፣ ከተራራው ጥግ የእናቲቱ ትከሻ። ከዚያ ወዲህ ሰላማዊት ባለፈው ዓመት ለሁለት ወር ፈቃድ መጥታ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አብዛኛውን በእንቅልፍ አሳለፈችው፣ እናቷም አልቀሰቀሰቻትም። አሁን ተመልሳ ሄዳለች፤ ውሏን ልትጨርስ አንድ ዓመት ይቀራታል።

ጥሩሐረግ ግን አሁን ፈትል ብቻ አይደለም ሥራዋ። ገብረ አምላክ አዲስ መስኮት ሲተክል ባጃጅ ልኮ ያስጠራታል። ባዘቶዋን በወረቀት ጠቅልላ ትሄዳለች፤ በየፍሬሙ ዙሪያ ታዞራለች፤ «እዚህ ጋ ሙላ» ትለዋለች፣ ይሞላል። ዘንድሮ በታኅሣሥ ደግሞ አራስ ቤት ብርድ አስገባች እንዳይሏት ፈርታ ልትሄድ ያልፈለገችበት ቤት ተጠራች። መሰረት የምትባል አስተማሪ ወልዳ አራስ ቤት ናት፤ ግድግዳው በውሃ ረጥቧል፣ ሕፃኑ አፍንጫው ታፍኖ አልተኛ ብሏል። አማቷ እትዬ የሻሽወርቅ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ መስኮቱን በሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ጋርደውታል። በአልጋው አጠገብ ገንፎ ይገነፋል፤ እንፋሎቱ ኮርኒሱን ነክቶ ይወርዳል።

ጥሩሐረግ በአክብሮት ቁጭ ብላ ጠየቀች። «እትዬ፣ ይቺን የላይኛዋን ሁለት ጣት ያህል ብንከፍታትስ?»

«አራስ ቤት ብርድ ላስገባ? እኔ እያለሁ አይሆንም!»

«ብርዱን አይደለም የምናስገባው፤ እርጥቡን ነው የምናስወጣው። እርስዎ ሕፃኑን ታቅፈው ከዚያ ጥግ ይቀመጡ፤ እናቱን በጋቢ እንሸፍናት። ፀሐይዋ እንዲህ ሞቅ ሳለች ትንሽ ደቂቃ ብቻ። ከዚያ እርስዎ ይዝጉት።»

አሮጊቷ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ መዳፋቸውን አዩት። ረጥቧል። ብዙ አሰቡ። ከዚያ ሕፃኑን አንሥተው ጥግ ሄደው ተቀመጡና ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጥሩሐረግ ብርድ ልብሶቹን አወረደች፣ መቀርቀሪያውን ገፋችው። የገንፎው እንፋሎት ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ መሃል ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ታጥፎ፣ በፀሐዩ ውስጥ ወርቅ መስሎ፣ ወደ ጠባቧ ክፍተት ሄደ። መሰረት ከጋቢው ሥር ዓይኗን ገልጣ አየችው። ሕፃኑ አነጠሰ።

«አየሽ!» ብለው ጮኹ እትዬ የሻሽወርቅ። «ብርድ መታው!»

ሕፃኑ ግን ሁለተኛ አነጠሰና አፍንጫው ተከፈተ፤ አፉን ዘግቶ በደንብ ተነፈሰ፣ ጭንቅላቱን ወደ አያቱ ደረት ጣል አደረገና ተኛ። አሮጊቷ ትንፋሹን አዳመጡ። ጥሩሐረግ ልትዘጋው እጇን ስታነሣ፣ ሳይዞሩ «ቆይ፣ ተይው ትንሽ» አሏት።